በፍርድ ቤት ረቱ፣ መሬታቸውን ግን ተነጠቁ፦ ስለ ቼሮኪዎች ርስት የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ

ሹፌሩ ከአትላንታ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአትላንታ ወደ ቻታኑጋ በሚወስደው 75 መንገድ ላይ ትራክ መንዳት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ካልሁን የምትባል ከተማ ስደርስ መንገድ ዳር ቡናማ ምልክት አያለሁ። «ኒው ኢቾታ» ይላል። ሁልጊዜ ጭነት ስላለብኝ አልፈዋለሁ። ባለፈው እሁድ ግን ከልጄ ጋር በቤት መኪና ሄድንና ገባንበት።

ሰፊ ሜዳ ነው። ሣር፣ ረጃጅም ዛፎች፣ አለፍ አለፍ ብሎ የእንጨት ቤት። እዚህ ቦታ ላይ ከ1825 ጀምሮ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የቼሮኪ ሕዝብ ዋና ከተማ ነበረች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ምክር ቤት ነበራቸው። የራሳቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነበራቸው። ጋዜጣም ያትሙ ነበር። አሁን የሚታዩት ቤቶች አብዛኞቹ እንደገና የተሠሩ ወይም ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ከያኔው እዚያው ቆሞ የቀረው የሚሲዮናዊው የሳሙኤል ዉስተር ቤት ነው።

ልጄ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አልንቀሳቀስም አለች። የማተሚያ ፊደሎቹ በትንንሽ ሳጥን ተደርድረዋል። አንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል ይመስላል፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው። «ዲ» የሚመስለው «አ» ተብሎ ይነበባል። «ደብልዩ» የሚመስለው «ላ» ነው። በ1950ዎቹ ቦታው ሲቆፈር የድሮዎቹ ፊደሎች ከአፈር ውስጥ ተለቅመው ወጡ። ልጄ ይህን ስትሰማ «ማን ጣላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እዚያ እንደተረዳሁት እነዚህ ሰዎች ጆርጂያን ከሰው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1832 ፈርዶላቸዋል። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ወታደር መጥቶ ከየቤታቸው አውጥቷቸዋል። ይህ እንዴት ይሆናል? ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የምታውቁ አስረዱኝ።

ሕግ ወዳጅ

ወንድም፣ ጥሩ አነሳኸው። ብዙ ሰው ታሪኩን ከ1838 ይጀምረዋል። ሥሩ ግን ወደኋላ ይሄዳል።

የቼሮኪዎች ርስት ከአፓላቺያ ተራሮች ደቡባዊ ክፍል ዙሪያ ነው። ዛሬ ቴነሲ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ደቡብ ካሮላይና፣ ጆርጂያ፣ አላባማ፣ ኬንታኪ፣ ቨርጂኒያና ዌስት ቨርጂኒያ የምንላቸውን ስቴቶች በከፊል ይነካ ነበር። በ1721 ለደቡብ ካሮላይና ከለቀቁት ቁራጭ ጀምሮ በውል ላይ ውል እየተፈራረሙ መሬቱ እየተሸረፈ ሄደ። አሜሪካ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1785 በሆፕዌል፣ በ1791 በሆልስተን ተፈራረሙ። በሆልስተኑ ውል የፌደራሉ መንግሥት ያልለቀቁትን መሬት እንደሚያስከብርላቸው ቃል ገባ።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በ1802 ያው የፌደራል መንግሥት ለጆርጂያ ሌላ ቃል ገባ። ጆርጂያ በምዕራብ በኩል የምትጠይቀውን መሬት ለፌደራሉ ትለቃለች፤ ፌደራሉ ደግሞ በጆርጂያ ክልል ውስጥ ያለውን የነባር ሕዝቦች ይዞታ በስምምነት ገዝቶ ያስለቅቅላታል። አንድ መሬት ለሁለት ሰው ቃል ተገባበት ማለት ነው።

ቼሮኪዎች በ1827 ሕገ መንግሥት አጸደቁ። ሉዓላዊ ሕዝብ ነን፣ ከእንግዲህ አንዲት ጋት አንለቅም አሉ። ጆርጂያ ተቆጣች። የእኔ ሕግ በእናንተም ላይ ይሠራል የሚል አዋጅ አወጣች። ቼሮኪ በነጭ ላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዳይመሰክር ተከለከለ። እስቲ አስበው፤ ነጭ መጥቶ ከብትህን ቢነዳው ምስክርህ አይሰማም። በዚያ ላይ ዳሎኔጋ አካባቢ ወርቅ ተገኘ። የከተማዋ ስም ራሱ «ቢጫ» ከሚለው የቼሮኪ ቃል የመጣ ነው። በ1830 ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ነባር ሕዝቦችን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ የማስፈር ሕጉን ፈረመ።

ቼሮኪዎች ጦር አላነሱም። ጠበቃ አቆሙ። በ1831 የመጀመሪያውን ጉዳይ ዳኛ ጆን ማርሻል ሥልጣን የለኝም ብሎ መለሰው። «የውጭ አገር አይደላችሁም፤ በአገር ውስጥ ያላችሁ ጥገኛ ሕዝቦች ናችሁ» አለ። ግንኙነቱን የሞግዚትና የአደራ ልጅ ዓይነት አደረገው። ይህ ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም።

ሁለተኛው ያንተው ዉስተር ነው፤ ቤቱን ያየኸው። ጆርጂያ በቼሮኪ ምድር የሚኖር ነጭ ሁሉ ለእኔ ታማኝነት ይማል፣ ፈቃድ ያውጣ አለች። ዉስተር እምቢ አለ። አራት ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ተፈረደበት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። መጋቢት 3 ቀን 1832 ማርሻል የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር ላይ ምንም ኃይል የለውም ብሎ ፈረደ። ድሉ ሙሉ ነበር።

ታዲያ ማን ያስፈጽመው? ጆርጂያ ችሎት እንኳ አልቀረበችም። እስረኞቹንም አልፈታችም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደቡብ ካሮላይና የፌደራል ሕግ አልቀበልም ብላ ተነሳች። የጃክሰን ሰዎች ጆርጂያ ከእሷ ጋር እንዳትወግን ፈሩ። ዉስተርና ጓደኛው ባትለር ምሕረት እንዲቀበሉ ብዙ ተለመኑ፣ ተገፉ። በጥር 1833 ወጡ። እስረኛ ከሌለ የሚፈጸም ፍርድ የለም። ነገሩ እዚያው ተዳፈነ።

አንባቢ 22

ጃክሰን «ማርሻል ፈርዷል፤ እንግዲህ ራሱ ያስፈጽመው» ብሏል የሚባለውስ? እኛ ትምህርት ቤት ሳለን እንደዚያ ተነግሮናል።

ሕግ ወዳጅ

ቃሉን ለመናገሩ ማስረጃ የለም። በመጽሐፍ የወጣው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እሱ ራሱ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ግን ፍርዱን ሞቶ እንደተወለደ ልጅ ቆጥሮታል፤ ጆርጂያን ሊያስገድዳት አይችልም ብሏል። ስለዚህ ቃሉን ባይናገረውም ሐሳቡ ያው ነው።

ጎራው

ስለ ጆርጂያና ስለ ጃክሰን ብቻ ታወራላችሁ። ከውስጥ የሸጣቸውስ? ሜጀር ሪጅ፣ ልጁ ጆን ሪጅ፣ የጋዜጣው የቀድሞ አዘጋጅ ኢላያስ ቡዲኖት። ታኅሣሥ 29 ቀን 1835 እዚያው ኒው ኢቾታ፣ ቡዲኖት ቤት ውስጥ ሜጀር ሪጅና ቡዲኖት ከጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው ርስቱን በ5 ሚሊዮን ዶላር ፈረሙለት፤ ጆን ሪጅ ደግሞ በኋላ ዋሽንግተን ላይ ፈረመ። ሕዝቡ አልወከላቸውም። ዋናው አለቃ ጆን ሮስ አልፈረመም። በእኛ አገር ለዚህ ሥራ ስም አለው። ባንዳ ይባላል።

የሜሪላንዷ

ጎራው ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። እኔም መጀመሪያ ሳነብ እንደዚያው ነበርኩ። ግን ባንዳ ማለት ለጠላት ያደረ ነው። እነዚህ ሰዎች እስከ 1832 ድረስ ከሮስ ጎን ቆመው ሲከራከሩ የነበሩ ናቸው። ቡዲኖት በጋዜጣው የጆርጂያን ግፍ ሲጽፍ ነው የከረመው።

ያ ፍርድ ወጥቶ ምንም ሳይለወጥ ሲቀር ነው ልባቸው የተሰበረው። በ1832 ጆርጂያ የቼሮኪን መሬት ሸንሽና በሎተሪ አደለችው። እውነተኛ ሎተሪ። ዕጣ የወጣለት ነጭ መጥቶ እርሻህን ይረከባል። ጆን ሮስ ራሱ በ1835 ከዋሽንግተን ሲመለስ ቤቱ ውስጥ ዕጣ የደረሰው ሰው ገብቶ አገኘ። የሕዝቡ ዋና አለቃ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቴነሲ ሄደና ትንሽ የግንድ ቤት ውስጥ ገባ። ሪጆች ይህን እያዩ «ብንቆይ እንጠፋለን፤ ቢያንስ ካሳ ይዘን እንሂድ» አሉ። ተሳስተዋል እላለሁ። መብት አልነበራቸውም እላለሁ። ባንዳ ለማለት ግን አፌ አይደፍርም።

አንድ ነገር ልንገርህ። በ1807 ደብልሄድ የሚባል አለቃ መሬት በመሸጡ ተገደለ። ከገዳዮቹ አንዱ ይኸው ሜጀር ሪጅ ነበር። ያለ ሕዝብ ፈቃድ ርስት የሸጠ ይሙት የሚለው ሕግ በ1829 በጽሑፍ ሲሰፍርም እሱ ምክር ቤቱ ውስጥ ነበረበት። ስለዚህ በ1835 ብዕሩን ሲያነሳ ምን እንደሚመጣበት ከማንም በላይ ያውቃል። ሰኔ 22 ቀን 1839 ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በተለያየ ቦታ ተገደሉ። ጆን ሪጅን ከአልጋው አውጥተው ሚስቱና ልጆቹ እያዩ ነው የገደሉት።

ጎራው

እሺ እህቴ፣ ስለ ደብልሄድ አላውቅም ነበር። ግን ልብ በይ። ሮስና ምክር ቤቱ ውሉን የሚቃወም ማመልከቻ ሲያዘጋጁ ከ15,000 በላይ ስም ተሰበሰበ። ሕዝቡ በሙሉ 16,000 ገደማ ነው። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ተመዝግበዋል ማለት ይቻላል። ሴኔቱ ግን ውሉን 31 ለ15 አጸደቀው። ሁለት ሦስተኛ ያስፈልግ ነበርና አንድ ድምፅ ቢጎድል ይወድቅ ነበር። አንድ ድምፅ! እነዚያ ሃያ ምናምን ሰዎች ባይፈርሙ ኖሮ ሴኔቱ ምን ያጸድቅ ነበር? እኔ ሰዎቹን አልጠላም። ፊርማቸውን ግን ይቅር ማለት አልችልም።

የሜሪላንዷ

በፊርማው ተስማምተናል።

ከዚያ የሆነውን ደግሞ በቁጥር ብቻ ማለፍ አይገባም። ግንቦት 23 ቀን 1838 ቀነ ገደቡ አለቀ። ጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት 7,000 ያህል ወታደር ይዞ መጣ። ሰው ምሳ ላይ እያለ፣ ማሳ ላይ እያለ ተነዳ። ድስቱ እሳት ላይ፣ ላሟ ሳትታለብ። በግንድ አጥር በታጠሩ ሰፈሮች ውስጥ በጋውን ሙሉ አጎሯቸው። ድርቅ ነበር። ተቅማጥና ኩፍኝ ገባ። ብዙ ሕፃን የሞተው ገና መንገድ ሳይጀመር እዚያው ነው። መጀመሪያ በጀልባ የተላኩት በሙቀቱ ሲያልቁ ሮስ ስኮትን ለመነና ጉዞውን ራሳቸው እንዲመሩ ተፈቀደ። በ13 ጓድ ተከፍለው በመኸር ተነሱ። መንገዱ እስከ ዛሬዋ ኦክላሆማ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደቡብ ኢሊኖይ ሲደርሱ ክረምቱ ያዛቸው። የሚሲሲፒ ወንዝ በበረዶ ግግር ተዘግቶ ከፊሎቹ ለሳምንታት ብርድ ላይ ቆሙ። የሮስ ሚስት ኳቲም በየካቲት 1839 ሊትል ሮክ አካባቢ ሞተች። በተለምዶ የሟቾቹ ቁጥር 4,000 ነው ይባላል። አጥኚዎች ከዚያ ዝቅም ከፍም ያደርጉታል።

«የእንባ መንገድ» የሚባለው ይህ ነው።

ቀለመወርቅ

እስካሁን የተባለው ሁሉ እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ተድበስብሶ እንዳያልፍ። በዚያ መንገድ ላይ ጥቁሮችም ሄደዋል። የቼሮኪዎች ባሪያ ሆነው።

በ1835 በተደረገው ቆጠራ 1,600 ያህል ባሪያዎች በቼሮኪ ምድር ነበሩ። አብዛኛው ቼሮኪ ባሪያ አልነበረውም። ሀብታሞቹ ግን ነበራቸው። ሪጅም፣ ሮስም። ሹፌሩ፣ ከካልሁን ብዙም ሳትርቅ ቻትስወርዝ ጋ የቫን ቤተሰብ የሸክላ ጡብ ቤት አለ። ሄደህ እየው። የሚያምር ቤት ነው። ያ ቤት የቆመው በባሪያ ጉልበት ነው።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1866 ውል ተፈረመ። ነፃ የወጡት ባሪያዎችና ዘሮቻቸው የቼሮኪ ተወላጅ ያለው መብት ሁሉ ይኖራቸዋል አለ። ከዚያ ግን ዘመናት አልፈው በ2007 የቼሮኪ ኔሽን (ኦክላሆማ ያለው የቼሮኪዎች መንግሥት) ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ወደ 2,800 የሚሆኑትን ከዜግነት አወጣ። «ማን ዜጋችን እንደሚሆን የምንወስነው እኛ ነን፤ ሉዓላዊነት ይህ ነው» የሚል ነበር ክርክሩ። ሌላው ወገን «ውል ይከበር እያላችሁ ለሁለት መቶ ዓመት ስትጮኹ ኖራችሁ፤ ይሄም ውል ነው» አለ። በ2017 የፌደራል ፍርድ ቤት ለነፃ ወጪዎቹ ዘሮች ፈረደ። ቼሮኪ ኔሽን ይግባኝ አላለም። በ2021 ደግሞ የራሳቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት መብትን በዘር የሚገድበው «በደም» የሚለው ቃል ከሕገ መንግሥታቸው እንዲወጣ አዘዘ።

እኔ ይህን የማነሳው በደላቸውን ለማሳነስ አይደለም። እንዲያውም ያከበርኳቸው የዚያን ጊዜ ነው። የራሳቸው ዳኞች፣ በራሳቸው ፍርድ ቤት፣ ለጥቁር ዜጎቻቸው ውሉን አከበሩ። እኔ ጥቁር ነኝ፤ አሜሪካ ውስጥ ልጅ አሳድጋለሁ። ያንን ውሳኔ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

የሻርለቷ

ሁሉም አልሄዱም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

በሰሜን ካሮላይና ተራሮች የቀሩ አሉ። ከፊሎቹ ቀድሞውኑ ከቼሮኪ ግዛት ውጪ በግል መሬት ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ከፊሎቹ ጫካ ገብተው ያመለጡ ናቸው። በስማቸው መሬት መያዝ አስቸጋሪ ስለነበር ዊል ቶማስ የሚባል፣ በልጅነቱ አንድ የቼሮኪ አለቃ ያሳደገው ነጭ ነጋዴ በስሙ ገዛላቸው። ዛሬ «ኳላ» የሚባለው ይዞታ እሱ ነው። 23,000 ሄክታር ገደማ። ልብ በሉ፤ መንግሥት የሰጣቸው አይደለም። የገዛ ርስታቸውን በገንዘባቸው መልሰው የገዙት ነው።

ከሻርለት ከቤተሰብ ጋር ሄደን ነበር። ብራይሰን ሲቲ አጠገብ ኪቱዋ የሚባል ሜዳ አለ። የቼሮኪዎች እናት ከተማ ናት፤ ዘራቸውን ከዚያ ይቆጥራሉ። መሃሉ ላይ ጉብታ አለ። እሳት ሳይጠፋ የሚነድበት ቤት እሱ ላይ ነበር። ከተነጠቁ በኋላ ገበሬ ስንት ዓመት ሲያርሰው ስለኖረ ዝቅ ብሏል። ካልነገሩህ አታየውም። በ1996 ምሥራቆቹ ቼሮኪዎች 125 ሄክታር የሚሆነውን ገዙት። እኛ ስንደርስ ንፋስ ነበር። ማንም የለም። አንዲት ሴትዮ ጉብታው ጫፍ ቆመው አፈሩን በእጃቸው ነክተው ሄዱ። ምንም አላሉም።

ያልዳነም አለ። ቴነሲ የሚለው ስም የመጣው ታናሲ ከምትባል የቼሮኪ ከተማ ነው። ታናሲም፣ ዋና ከተማቸው የነበረችው ቾታም፣ ፊደል የፈጠረላቸው ሲኮያ የተወለደበትም መንደር ትንሿ ቴነሲ ወንዝ ዳር ነበሩ። የቴሊኮ ግድብ ሲሠራ ቼሮኪዎች የአባቶቻችን መቃብር ነው ብለው ከሰሱ። ግድቡን ለተወሰነ ጊዜ ያቆመው ግን እነሱ አይደሉም፤ አንዲት ትንሽ ዓሣ ናት። ልትጠፋ ነው ተብሎ በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዓሣዋ ፈረደ። ኮንግረስ በዓመቱ ግድቡን ከሕጉ ነፃ አወጣው። በኅዳር 1979 ውሃው ተለቀቀበት። የቼሮኪዎቹን ክስ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1980 ቦታው ለሃይማኖታችሁ ወሳኝ መሆኑን አላሳያችሁም ብሎ ጣለው። ዛሬ ቾታ ላይ ስምንት የድንጋይ ዓምዶች ውሃ ዳር ቆመዋል። ሰባቱ ለሰባቱ ጎሳ፣ አንዱ ለመላው ሕዝብ።

በ2024 ደግሞ በስሞኪ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ክሊንግማንስ ዶም መባሉ ቀርቶ የቼሮኪ ስሙ ኩዎሂ ተመለሰለት። እኔ አለቀስኩ። ስም ቀላል ነገር አይደለም።

ሹፌሩ ከአትላንታ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። ጋሽ ቀለመወርቅ፣ የቫንን ቤት አያለሁ፤ ቃሌ ነው።

አሁን ሌላ ጥያቄ አለኝ። ኦክላሆማ በ40 መንገድ በወር ሁለቴ አልፋለሁ። ሳሊሶ አካባቢ መኪኖች ታርጋቸው ላይ «ቼሮኪ ኔሽን» ይላል። አንዳንዴ የሚቆመውም ፖሊስ የቼሮኪ ማርሻል ነው። አንድ ጊዜ ታሌኳ ጭነት ሳደርስ የመንገዱ ስም በሁለት ፊደል ተጽፎ አየሁ። ይህ አገር የማን ነው? ኦክላሆማ ስቴት አይደለም እንዴ? ችግር ቢገጥመኝ ማን ነው የሚዳኘኝ?

ሕግ ወዳጅ

ሁለቱም ነው። ክርክሩም ያ ነው።

እዚያ እንደደረሱ ታሌኳን ዋና ከተማ አድርገው በ1839 አዲስ ሕገ መንግሥት አወጡ። መሬቱ የጋራ ነበር። ማንም ያረሰውን ይይዛል፤ ለውጭ ሰው ግን አይሸጥም። እኛ አገር የሰሜኑን ርስት ለሚያውቅ ሰው ይህ ለማስረዳት አይከብድም። ከ1890ዎቹ ጀምሮ ኮንግረስ ይህን አፈረሰው። መሬቱ በነፍስ ወከፍ ተሸነሸነ። በ1898 ሕግ ፍርድ ቤቶቻቸው ተዘጉ። በ1905 ቼሮኪዎችን ጨምሮ አምስት ነባር ሕዝቦች «ሲኮያ» የሚባል የራሳቸው ስቴት እንዲሆኑ ጠየቁ፤ ኮንግረስ ዞር ብሎም አላየው። በ1907 ኦክላሆማ ስቴት ሆነች። የተሸነሸነው መሬት በማጭበርበርም በግብርም አብዛኛው ከእጃቸው ወጣ። ከዚያ እስከ 1970 ድረስ ዋናውን አለቃ የሚሾመው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር። አንዳንዱ ወረቀት ፈርሞ እንዲወርድ ለአንድ ቀን ብቻ ይሾም ነበር። ምርጫው የተመለሰው በ1971 ነው። ከዚያ በኋላ ነው በ1985 ዊልማ ማንኪለር የመጀመሪያዋ ሴት ዋና አለቃ የሆነችው።

ሁሉም ሰው ሪዘርቬሽኑ (በውል ለነባር ሕዝብ የተከለለው ምድር) በ1907 ሞተ ብሎ አምኖ ነበር። በሐምሌ 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማክገርት ጉዳይ 5 ለ4 ሌላ ነገር አለ። ጉዳዩ የክሪኮች፣ የሌላ ነባር ሕዝብ ነው። ዳኛ ጎርሰች ያለው ቀላል ነው። ሪዘርቬሽን የሚሰርዘው ኮንግረስ ብቻ ነው፤ ሲሰርዝም በግልጽ ቃል መሆን አለበት። መሬት መሸንሸን መሰረዝ አይደለም። ስቴት መሆንም መሰረዝ አይደለም። ቃሉን ፈለገ፤ አጣው። ስለዚህ ሪዘርቬሽኑ አለ። በመጋቢት 2021 የኦክላሆማ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት ያንኑ ለቼሮኪዎች ተረጎመው። በ14 ካውንቲዎች ውስጥ ያለ ሰፊ መሬት ነው፤ የተልሳ ከተማ ከፊሉ አለበት። የግል ቤት የማንም አልተወሰደም። የተለወጠው ማን ይዳኛል የሚለው ነው።

የኦክላሆማ ገዥ ስቲት ይህን አጥብቆ ተቃወመ። እሱ ራሱ የቼሮኪ ዜጋ ነው። በሰኔ 2022 በካስትሮ ዌርታ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ እንደገና 5 ለ4 ከፈለ፤ አሁን ግን ለኦክላሆማ። ነባር ያልሆነ ሰው በነባር ሕዝብ ዜጋ ላይ ወንጀል ቢፈጽም ስቴቱም መክሰስ ይችላል አለ። ጎርሰች በተቃውሞው ያንተን ዉስተር ነው ያነሳው። ያኔ ማርሻል የጸናውን ዛሬ እኛ ተውነው ዓይነት ነገር ነው የጻፈው።

ስላንተ ደግሞ፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ጎሳዎች ነባር ያልሆነን ሰው በወንጀል እንዳይዳኙ ከልክሏል። ኮንግረስ በኋላ ለጥቂት ጉዳዮች በሩን ከፍቷል። የቼሮኪ ማርሻል ግን ከካውንቲዎችና ከከተሞች ጋር የጋራ ሥልጣን ውል ስላለው ሊያስቆምህ ይችላል። ወንጀልህ ግን ለስቴት ወይም ለፌደራል ፍርድ ቤት ነው የሚተላለፈው። በሰላም ንዳ።

አንባቢ 22

ያ የተረገመ የ1835 ውልስ? አሁንም ይሠራል?

ሕግ ወዳጅ

ይሠራል። አንቀጽ 7 ላይ ቼሮኪዎች በተወካዮች ምክር ቤት አንድ ልዑክ ይኖራቸዋል ይላል። ኮንግረስ ሥርዓቱን ሲያወጣ። እስከ ዛሬ አላወጣም። በ2019 ዋናው አለቃ ቹክ ሆስኪን ኪም ቲሂን ልዑክ አድርጎ ሰየማት። በኅዳር 2022 አንድ የምክር ቤቱ ኮሚቴ ጉዳዩን ሰማ። ወንበሩን አልሰጧትም። ዩናይትድ ኪቱዋ ባንድ የሚባለው ሌላው የቼሮኪዎች መንግሥት ደግሞ ውሉ የእኛም ነው ይላል። ጎራው የሚጠላው ፊርማ ያስወጣቸውም እሱ፣ ወንበር የሚጠይቁበትም እሱ ነው።

ፊደል ገበታ

የልጅህ ጥያቄ ሳይመለስ አለፈ። «ማን ጣላቸው?»

ሲኮያ እንግሊዝኛ ማንበብ አያውቅም ነበር። ወረቀት ላይ ምልክት ሲያይ ይህ ለእኛም ይሆናል አለ። ዓመታት ሞከረ። ሰው አበደ አለው። በ1821 አካባቢ ጨረሰው። መጀመሪያ ያስተማራት ትንሿን ልጁን አዮካን ነው። ፊደሎቹ በኋላ 85 ሆነው ጸኑ። እንደ እኛ ፊደል ናቸው፤ አንዱ ምልክት ሙሉ ክፍለ ቃል ይይዛል። የእኛ ግን «ለ» ከ«ሉ»፣ «ሉ» ከ«ሊ» ቤተሰብነታቸው በመልካቸው ይታያል። የእነሱ እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ነው። ያም ሆኖ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሕዝቡ ማንበብ ቻለ። የካቲት 21 ቀን 1828 ጋዜጣቸው «ቼሮኪ ፊኒክስ» በሁለት ቋንቋ ወጣ። በ1835 የጆርጂያ ዘብ መጥቶ ማተሚያውን ወሰደው። ሮስ ወደ ቴነሲ ሊያሻግረው ሲል ነው የቀደሙት። ፊደሎቹ በዚያ አፈር ውስጥ የቀሩት ከተማዋ እንዲህ ስትፈርስ ነው።

ዛሬ ቋንቋውን ከእናቱ አፍ የተማረ ሰው 2,000 ገደማ ብቻ ነው። በ2019 ሦስቱም የቼሮኪ መንግሥታት (ቼሮኪ ኔሽን፣ የሰሜን ካሮላይናዎቹ ምሥራቆችና ዩናይትድ ኪቱዋ ባንድ) የቋንቋ አስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ታሌኳ ውስጥ ልጆች ሙሉ ቀን በቼሮኪ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ። ልጅህ ከጠየቀችህ ይህንንም ንገራት።

ሹፌሩ ከአትላንታ

ነገርኳት። ብዙ ጠየቀችኝ።

ትናንት ፎርት ስሚዝ ጭነት አራግፌ ትሬለሩን ትቼ በባዶ ትራክ ወደ ሳሊሶ ተሻገርኩ። ከከተማው አለፍ ብሎ የሲኮያ ቤት አለ። ከእንባው መንገድ በፊት ቀድሞ ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው ስለሆነ በ1829 ነው የሠራው። አንድ ክፍል የግንድ ቤት ነው። ዝናብ እንዳይጎዳው በላዩ ሌላ የድንጋይ ቤት ተሠርቶለታል። ግንዶቹ ላይ የመጥረቢያው ምት ይታያል። እጄን ላሳርፍበት ፈልጌ ተውኩት። አጥር ውጪ ዛፍ ስር ቆሜ ለልጄ በቪዲዮ ደወልኩ።

ቤቱን ዞር ዞር አድርጌ አሳየኋት። «አሁን የማን ነው?» አለችኝ።

«የእነሱ» አልኳት። «ቀድሞ የስቴቱ ነበር። በ2016 ቼሮኪ ኔሽን ወሰደው።»

«የካልሁኑስ? ፊደሎቹ የነበሩበት?»

«እሱ የጆርጂያ ነው» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «ጠይቀዋቸዋል?» አለችኝ።